ጥፋቱ የኑብል ነው

ኮሎኝ ባቡር ጣቢያ የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ከሰላምታው በፊት አንገቴን አየ። «ክራቫትህን አውልቅ፤ ሐሙስ እኮ ነው፣ ከተማው በሴቶች እጅ ነው» አለኝ። እውነትም ከረፋዱ 5፡11 (በእነሱ 11፡11) ጀምሮ መቀስ የያዙ ሴቶች የወንዱን ክራቫት እየቆረጡ፣ ለካሳው ጉንጩን ይስማሉ። ከዚያ በኋላ ጾማቸው እስኪገባ መንገዱ የካርኒቫል ነው። እኛ ቅበላን ሥጋ ቤት ተሰልፈን እናሳልፋለን፤ እነሱ ቢራ ቤት ተቃቅፈው እየዘፈኑ።

ሰኞ ዕለት፣ እ.ኤ.አ. በ1823 የተጀመረው ታላቁ ሰልፍ ወጣ። ሕዝቡ «ካሜለ!» እያለ ይጮኻል፤ ከሠረገላው ላይ ከረሜላና ቸኮላት ይዘንባል። ብልሁ ዣንጥላውን ገልብጦ ይቀበላል። ቀይና ነጭ የለበሱት «ወታደሮች» ጠመንጃቸው አፍ ላይ አበባ ሰክተው፣ ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው መቀመጫቸውን እያፋተጉ ይጨፍራሉ፤ በወታደርነት ላይ መሳለቃቸው ነው። በሰልፉ «ድንግል» ሆኖ የሚወጣውም ሹሩባ ያጠለቀ ወንድ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ሰልፍ ያው ሰልፍ ነው፣ ቆመህ ታያለህ።

እኔን የያዘኝ ማክሰኞ ማታ ነው። በየቢራ ቤቱ በራፍ ላይ ኑብል የሚሉት፣ አሮጌ ልብስ የለበሰ የገለባ ሰው ሰንብቶ ነበር። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ አውርደው፣ ሻማ አብርተው፣ እየየ እያሉ መንገድ ላይ አጋደሙት። ቄስ መሳይ የለበሰ ቀልደኛ በከተማዋ ቀበልኛ ክሱን ያነባል። ገንዘባችንን በቢራ ማን ጨረሰው? «ኑብል!» የሰው ሚስት ማን ሳመ? «ኑብል!» መጀመሪያ በሐዘን ድምፅ፣ ኋላ በቁጣ። ከዚያ እሳት ለኮሱበት። የአክስቴ ልጅ፣ የንስሐ አባቱን ሲያስጠብቅ የኖረ ሰው፣ ከሁሉም አብልጦ ይጮኽ ነበር። ገለባው ሲያልቅ ሁሉም ተመልሶ ቢራ ቤት ገባ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለ።

በማግስቱ ግንባራቸው ላይ የአመድ መስቀል ያለባቸው ሰዎች ዓሣ ለመብላት እዚያው ቤት ተሰብስበው ነበር። እዚህ አገር ብርጭቆህን በካርቶን ማስቀመጫው ካልከደንክ አስተናጋጁ ሳትጠይቀው ይደግምልሃል፤ ለእያንዳንዷም ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ይጭራል። ዓሣውን ጨርሰን ቀና ስንል አስተናጋጁ ጭረቶቹን እየቆጠረ ነው። ዘመዴ ወደ በራፉ አየ። ኑብል የለም። ከፈልን።