የሲታ ዓይን

የሌላ ሕዝብ አምልኮ ያለበትን ሥዕል ለልጆች ማስተማር ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሕንድ አገር፣ በቢሃር የሚኖሩትን የሚቲላ ሴቶች አሣሣል ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ የራማን ሚስት የሲታን መልክ አይቶ እርሳሱን አስቀመጠ። «መምህር፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን አይደለምን?» አለኝ። አልተሳሳተም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ብዙውን ጊዜ ፊቱ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ክፉው ነው። በሚቲላ ግን፣ አልሁት፣ አማልክቱም ሙሽሮቹም በጎን ይሣላሉ፤ ያቺም አንዲት ዓይን ሰፊና የተዋበች ናት። እናቶች ለሠርግ በጫጉላው ቤት ግድግዳ ላይ ይሥሏቸዋል። በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ. ድርቅ ሲመታቸው በወረቀት እየሣሉ መሸጥ ጀመሩ፤ ሥዕሉም እንጀራ ሆናቸው።

ተማሪዎቼን ስገዱለት አልልም። ሲጨርሱ ወረቀቱን ወለል ላይ እንዲጥሉት ግን አልፈቅድም።