ነጩ ውሻ

ስለ ኦፖሰም ስናነብ መጀመሪያ ያሳቀን ሞቱ ነው። አውሬ ሲይዘው ዝርግት ይላል፤ አፉን ከፍቶ፣ ምራቁን አዝረክርኮ፣ እየሸተተ። ወዶ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። አውሬው ትቶት ሲሄድ ቆይቶ ይነሣል። «የፈተና ለታ እንደኛ ነዋ!» ተባባልን። ስሙ ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቀረ።

ቃሉ የእንግሊዝ አይደለም። የቨርጂኒያ ተወላጆች የፖውሃታን ሕዝቦች ቃል ነው፤ ፍቺውም «ነጭ ውሻ» ወይም «ነጭ እንስሳ»። እንግሊዞች በ1607 እ.ኤ.አ. ጄምስታውን ሲሰፍሩ ለእንስሳው ስም አልነበራቸውም። ጆን ስሚዝና ዊልያም ስትሬቺ ካገሩ ሰው አፍ እንደ ሰሙት ጻፉት። ኋላም ስሙ ባሕር ተሻግሮ ለአውስትራሊያ እንስሳ ተሰጠ።

የቃሉ ባለቤቶች ልጆች ዛሬም ቨርጂኒያ ውስጥ አሉ። ቋንቋው ግን በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም ከአፍ ጠፋ። እንስሳው ሞቶ ይነሣል፤ ቋንቋ እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። ቢሆንም ስትሬቺ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት መዝግቦ ነበርና፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ዘ ኒው ወርልድ» ፊልም ብሌር ሩድስ የተባለ የቋንቋ ምሁር ከእነዚያ ዝርዝሮች ተነሥቶ ለተዋንያኑ ንግግር አዘጋጀ።

እኛስ? ከየአገሩ የመጣን ነን። አያቶቻችን ለወፉም ለቅጠሉም ስም አላቸው፤ እኛ የላቲኑን እንሸመድዳለን። እንግዲህ ለክረምት አገር ቤት ስንገባ ባዶ ደብተር ይዘን እንግባ፤ ጠያቂ ካለ የሚነግረን ገና አለና።