አያምም እኮ

ኮልፌ አጠና ተራ፣ ከግቢያችን ጓሮ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር፣ የማሙሽ እናት እጄን ይዛ ወደ ግራ ጡቷ አስጠጋችው። ዕድሜዋ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ማሙሽን ታጠባ ነበር።

«ዳስሺው እስቲ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ።

ሽንብራ የሚያህል፣ ጠጣር፣ ሲነኩት የማይሸሽ ነገር ነበር።

«ያምሻል?»

«ምንም አያምም እኮ!»

«እንግዲያው ወተት ቋጥሮ ነው» አልኋት።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ስለ ጡት የማውቀው ገጣሚዎች ያሉትን ነው። ያን ቀን ግን ሐኪም ሆኜ ፈረድሁ፤ እሷም አመነችኝ። (የተማረ ሰው አፍ የሚያመጣው ጣጣ!)

ኋላ ሳነብ፣ ለካ ይህ በሽታ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እኛ ደግሞ ወደ ሐኪም የምንሄደው ሲያመን ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉ የሚበዛው ካንሰር የጡት ነው፤ ብዙዎቹም ሲያዙ ገና 50 ዓመት አልሞላቸውም። ከፈረንጅ አገር የሚመጣው መጽሐፍ የአሮጊት በሽታ ያስመስለዋል። እዚህ ግን የምታጠባዋንም ይይዛል፤ ወተቱም መደበቂያ ይሆነዋል።

ስምንት ወር ሄደ። ጠበል ተጠመቀች፣ ቅቤ ተቀባች፤ አጠና ሲጭን ለሚውለው ባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ሽንብራው እንቁላል አከለ፤ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ መሰለ። ያኔ ሪፈር አጽፈን ጥቁር አንበሳ ሄድን። የጨረር ሕክምና በ1997 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተጀመረ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ለአገሩ ሁሉ የነበረው ይኸው አንድ ቦታ ነበር። አግዳሚው ላይ ከጎጃምና ከወለጋ የመጡ፣ ልጅ ያዘሉ እኩዮቿ ተቀምጠዋል። እኔ አሮጊቶች ነበር የጠበቅሁት።

ሐኪሙ ስሙን ጠራው፤ ካንሰር። በግቢያችን ግን ነቀርሳ እንኳ አይባልም፤ «ያ ክፉ ነገር» ነው። ጡቷን አወጡላት። አሁን በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጠጉሯ ረግፏል፤ ማሙሽም ሻሿን እየሳበ ይስቃል።

ባለፈው እሑድ እዚያው ገመድ ሥር ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም።

«ተይው እሱን። አንቺስ? የራስሽን ዳሰሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

«ነይ ግቢ» አለችና በሩን ከኋላችን ዘጋችው።