ወደ ዶክተር ቦብ ቤት

ዓርብ። ከኮሎምበስ እስከ አክሮን 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ለቤንዚን ሃያ ሃያ ዶላር አዋጣን። የሚነዱት ጋሼ ናቸው፤ መጠጥ ካቆሙ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፣ እኔ ለአጃቢነት ነው የመጣሁት። የሰኔ ጾም ገብቶ ስለነበር ባለቤታቸው ሽሮ ፍትፍት በፎይል ጠቅልለው ሰጥተውን ማንስፊልድ ሳንደርስ ጨረስነው። ሰማዩ ደመና፣ ግራ ቀኙ ገና ከጉልበት ያላለፈ በቆሎ። አክሮን ስንገባ መንገዱን ሞተር ሳይክል ሞልቶታል። ጠጪዎች መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ የተመሠረተበትን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1935ን፣ ለማሰብ በየዓመቱ ሰው ይጎርፋል።

ቅዳሜ። አርድሞር ጎዳና፣ ቁጥር 855። በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት፤ ካልተነገረህ ታልፈዋለህ። በር ላይ የቆሙት እናት «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» ብለው ተቀበሉን፤ እኔ አጃቢ ብቻ መሆኔን የምናገርበት ፋታ አላገኘሁም። የቤቱ ባለቤት፣ ከማኅበሩ ሁለት መሥራቾች አንዱ የሆነው ዶክተር ቦብ ስሚዝ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ጠርሙስ ያልሸሸገበት ስፍራ የለም፤ የከሰል ማጠራቀሚያው ውስጥ፣ የምድር ቤቱ ወራጅ እንጨት ላይ፣ አልፎ ተርፎ ካልሲው ውስጥ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁ። «የእኔ የጤፉ ከረጢት ውስጥ ነበር» አሉ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ታሪኩን እየሰማን ብዙ ቆየን። ሌላው መሥራች ቢል ዊልሰን ከኒው ዮርክ ለንግድ መጥቶ አልሳካ ብሎታል፤ ሜይፍላወር ሆቴል ውስጥ ወዲህ መጠጥ ቤቱ፣ ወዲያ ስልኩ። ወደ ስልኩ ሄደ፣ የሚያዋራው ሌላ ጠጪ ፍለጋ፤ በዚያው ወደ ዶክተር ቦብ ተመራ። በማግስቱ ሲገናኙ ዶክተሩ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆይም ብሎ ነበር፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። የመጨረሻዋን ቢራ የሰጠውም ቢል ነው፣ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ሲሄድ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ። (በሽተኛው እኔ ባልሆን ይሻለኛል።) ዶክተሩ ራሱ እንደጻፈው ሁለት ፍርሃት ነበረበት፤ እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ ማለቁ። ካቆመም በኋላ አምሮቱ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል አልለቀቀውም። እኔ ፍርሃቱ ሲወጣ ነው ሰው የሚለወጠው ይመስለኝ ነበር፤ ጋሼን ግን ወሬው አላስገረማቸውም። «እኔ የምፈራው ሰርግ ላይ በሞቴ የሚለኝን ሰው ነው» አሉ። «እየፈራሁም እሄዳለሁ። የመኪና ቁልፌን አሳየዋለሁ።»

ማታ ለሁሉም ክፍት የሆነ ስብሰባ ገባን። አንድ ሰው ሰክሮ መኪናውን የጎረቤት ሳሎን ውስጥ እንዴት እንዳስገባ ሲናገር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ አልገባኝም። ጋሼ «ሁላችንም እዚያው ሳሎን ስለነበርን ነው» አሉኝ፤ አሁንም በደንብ አልገባኝም።

እሑድ ጠዋት ካፊያ ነበር። ሞተር ሳይክሎቹ ተከታትለው ወደ ማውንት ፒስ መቃብር ወጡ። የዶክተር ቦብ መቃብር ድንጋይ ላይ ስለ ማኅበሩ አንድም ቃል የለም፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሰዉ ያልጠጣበትን ጊዜ የሚቆጥርበትን ሜዳልያ አኑሮ ይሄዳል።

ስንመለስ ጋሼ ኮሎምበስ ውስጥ በአማርኛ ስብሰባ ስለመጀመር አነሡ። የሚከብደው ሀበሻ ሀበሻን ማፈሩ ነው፤ እዚያ ያየህ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ያይሃል። «ሁለት ሰው ከመጣ ይበቃል» አሉና፣ ቡናውን ማን ያፈላል በሚለው እስከ ቤት ተከራከርን።