መስኮቱ የበዛ የድንጋይ ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር በሚባል አውራጃ፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሟል። ስሙ ሃርድዊክ ሆል ይባላል። እኛም ቤቱን ለማየት ዳገቱን ወጣን።

ቤቱ ገና ከሩቅ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ምነው ቢሉ፣ ፊቱ አብዛኛው መስኮት ነው።

ያሠሩት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ የሚባሉ ሴት ናቸው። የተወለዱት እዚያው ሃርድዊክ ነው። አባታቸው ሀብታም አልነበሩም። እሳቸው ግን አራት ጊዜ አግብተው ትልቅ ሀብት ያዙ። አራተኛው ባላቸው በ1590 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሞቱ። ቤቱም በዚያው ዓመት ተጀመረ። በ1597 ወይዘሮዋ ገቡበት።

በዚያን ዘመን መስታወት በጣም ውድ ነበር። ስለዚህ መስኮት ማብዛት ሀብትን ማሳየት ነው። ታዲያ ግድግዳው ሁሉ መስኮት ከሆነ ቤቱ እንዴት ቆመ? ቤት የሠራ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ያለው ከውስጥ ነው። በቤቱ መካከል ወፍራም የድንጋይ ግንብ አለ። ክብደቱን በብዛት የሚሸከመው እሱ ነው። የምድጃዎቹም ጭስ መውጫ በዚያው ግንብ ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ የውጩ ግድግዳ ለመስኮት ተረፈ።

ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር መስኮቱ እየረዘመ ይሄዳል። ከታች አሽከሮች ይሠሩ ነበር። መካከሉ የወይዘሮዋ መኖሪያ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ለክብር እንግዳ የተሠራ ነው። እዚያ 50 ሜትር ያህል የሚረዝም አዳራሽ አየን። በግድግዳው ላይ የጌዴዎንን ታሪክ የሚያሳዩ 13 ትልልቅ የተሸመኑ መጋረጃዎች ተሰቅለዋል። መጋረጃዎቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ብርድም ይከላከላሉ። መስታወት ብርሃን ያስገባል እንጂ ሙቀት አይዝም። ያ ሁሉ መስኮት ያለው ቤት በክረምት ይበርዳል።

ከውጭ ሆነን ወደ ላይ አየን። ስድስት ማማዎች አሉ። በየማማው ጫፍ ከድንጋይ የተቀረጹ ትልልቅ ፊደላት ይታያሉ። የወይዘሮዋ ስምና የማዕረጋቸው መነሻ ፊደላት ናቸው። ከሩቅ ይነበባሉ።

ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎችስ ስማቸው የት አለ? በማማው ላይ የለም። ያለው በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው። ወይዘሮዋ የሥራውን ወጪ ያስጽፉ ነበር። ሒሳቡን ራሳቸው እያዩ ይፈርሙ ነበር። ድንጋይ ጠራቢው ጆን ሮድስ፣ እብነ በረድ ቀራጩ ቶማስ ኤከርስ፣ በኖራ ምስል የሚሠራው አብርሃም ስሚዝ እስከ ዛሬ የሚታወቁት በጽሑፍ ስለተያዙ ነው።

ቤቱ በ1959 ቅርስ ለሚጠብቅ ማኅበር ተሰጠ። ዛሬ ማንም ገብቶ ያየዋል። እኛም ዳገቱን ስንወርድ ዞር ብለን አየነው። መስኮቶቹ አሁንም ያበሩ ነበር። የባለቤቷን ስም ከማማው ላይ አነበብን። የጆን ሮድስን ስም ግን በልባችን ይዘን ወረድን።