አክስቴ፣ እኔ እና ተራ ቁጥር 7

አሸተን ማርያም የወጣ ያውቃል፤ በዚያ ዳገት ላይ ትልቋ ውሸት «ደረስን እኮ!» የምትለው ናት። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ ከአክስቴ ጋር ስንወጣ የበቅሎው ባለቤት አራት ጊዜ «ደረስን» ብሎኛል። ይሁን፣ እሱ ግምቱን ነው የተናገረው። ያናደደኝ ሌላ ነው። ከላይ ድንጋዩ ተሰንጥቆ እንደ ጠባብ ኮሪደር የሆነበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደረስ ከበቅሎ ወርዶ በእግር ነው። ስንዋዋል ይህንን ማንም አልነገረኝም።

«ዝም አለሽ እንጂ መች ዋሸሽ?» አለችኝ አክስቴ። ነጠላዋን አስተካክላ ደግሞ ጨመረች፤ «አንቺም ያን ወረቀት ስታነቢልኝ እንዲሁ ነበርሽ ልጄ።»

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተራራ ላይ አይነገርም። ድሮውንም ትንፋሽ ያጥራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ላሊበላ ውስጥ ለእንግዳ የምታከራያቸው ሦስት ክፍሎች አሏት። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። ቱሪስት ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት አንድ ሰው ሦስቱንም ለአምስት ዓመት ልከራይ ብሎ ሦስት ገጽ ውል ይዞ መጣ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። እኔ ለጥየቃ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። «የተማረች ልጅ እያለችኝ» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

አዲስ የጋዜጠኝነት ምሩቅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ያስተማሩን ደግሞ ዋናውን ነገር መጀመሪያ አንቀጽ ላይ ማስቀመጥ፣ የቀረውን መቁረጥ ነው። ኪራዩን፣ ዘመኑን፣ ጣሪያ ቢያፈስ ማን እንደሚያሠራ አነበብኩላት። «ሌላው የተለመደ ነገር ነው» አልኳት። ተከራዩ ከፊታችን ቡና እየጠጣ ነበር። እንዲያ ስል ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ሲኒውን አየ። አክስቴ አሻራዋን አሳረፈች።

«የተለመደው» ነገር ተራ ቁጥር 7 ነበር፦ ተከራዩ ከፈለገ፣ በራሱ ምርጫ ብቻ፣ በዚያው ዋጋ ሌላ አምስት ዓመት ያራዝማል። አክስቴ የሰማችው ሰውየው በጨዋታ መሐል «ገና ዐሥር ዓመት አብረን ነን» ሲላት ነው። ለእኔ ሳትነግረኝ ቆይታ አሸተን ላይ ነገረችኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሕግ የተማረች ጓደኛዬ ጋ ሮጥኩ። እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ በአጃ ተካሰዋል አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1871 የታየው የስሚዝና የሂዩዝ ክርክር ነው። ሂዩዝ የእሽቅድምድም ፈረሶች አሰልጣኝ ነው፤ ናሙና አይቶ አጃ ገዛ። አሮጌ አጃ መስሎት ነበር፣ የመጣለት አዲስ ሆነ። ሻጩ ዝም ከማለት በቀር አልዋሸም። ዳኞቹ ዝምታ ብቻውን ውል አያፈርስም አሉ፤ ግን ገዢው «አሮጌ ነው ተብሎ ቃል ተገብቶልኛል» ብሎ ማመኑን ሻጩ ካወቀ ሌላ ነው ብለው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። እኔ ያቺን የሲኒ እይታ አስታወስኩ።

የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ፈቃድን የሚያበላሹ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ስህተት፣ ማታለል፣ ማስገደድ። ያታለለው ሦስተኛ ሰው ከሆነ ግን ውሉ የሚፈርሰው ተዋዋዩ ነገሩን አውቆ ወይም ማወቅ ሲገባው ከተጠቀመበት ነው። ሦስተኛዋ ሰው እንግዲህ እኔ ነኝ! ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ከጣልያንኛው ጽሑፍ ጋር የማይገጥመውን የአማርኛውን 17ኛ አንቀጽ ስናጠና በአንቶኔሊ ስንት ተሳድቤያለሁ። ውጫሌም ያው ወሎ ነው፤ ሩቅ አይደለም።

ጓደኛዬ አንድ ተስፋ አገኘች። አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የአክስቴ ውል ሳሎን ውስጥ ነው ያለቀው። ደስ ብሎኝ ደወልኩላት።

«ፍርድ ቤት ቆሜ ምን ልበል?» አለችኝ። «የወንድሜ ልጅ አታለለችኝ ልበል?»

«አዎ፣ በይ!»

«አልልም።»

በማታለልም ሆነ በስህተት ውል ይፍረስልኝ ለማለት ሕጉ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው። ያ ጊዜ በ2017 ዓ.ም. ጥር አለቀ። ከዚያ በፊት፣ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ኪራዩ እጇ ላይ ሟሟ። አምስት ዓመቱ በ2020 ዓ.ም. ጥቅምት ይሞላል፤ ተከራዩም እንደሚያራዝም ነግሯታል።

አሁን ማንኛውም ወረቀት ሲመጣላት የጎረቤት ልጅ በስልክ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። ባለፈው የመብራት ቢል ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ የማኅተሙን ጽሑፍ ሳይቀር፣ አነበብኩላት።

«በይ ይበቃል፣ ወጥ አሳረርሽብኝ» ብላ ዘጋችው።