የአያቴ ሰዓት

መካነ ሰላም መብራት ሲጠፋ ጨለማው እንደ አዲስ አበባው አይደለም። እጅህን ዘርግተህ ግድግዳ እየዳበስክ ነው በር የምታገኘው። አያቴ ደግሞ ሌሊት ለጸሎት ትነሳለች፤ ሰዓቱን የሚነግራት ዶሮ ነው።

እናም ከመርካቶ በጨለማ የምታበራ የጠረጴዛ ሰዓት ገዝቼላት ሄድኩ። ቀኑን መስኮት ላይ ተቀምጣ ጎረቤት ሲያያት ዋለ። ማታ ቁጥሮቿ አረንጓዴ ሆነው ሲበሩ አያቴ «ጨለማ አይንካህ!» ብላ መረቀችኝ። እኔም ተኮፈስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ደውዬ ስለ ሰዓቷ ጠየቅኳት። «ደህና ናት» አለችኝ። ስልኩን የተቀበለው የአክስቴ ልጅ ግን እውነቱን አወጣው፦ ሰዓቷ በሁለተኛው ቀን ማብራት አቁማለች። አያቴ «ልጁን ነጋዴ አታለለው» እንዳይባልብኝ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ነጋዴውን ስራገም አመሸሁና ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያወጣል። በቱቦው ውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ይህንን ጨረር ተቀብሎ ወዲያው ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ማብሪያውን ስታጠፋው አለቀ። የሰዓቷ ቀለም ግን ቆጣቢ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮኖቹ ኃይል ይወስዱና በቅንጣቶቹ ውስጥ ተይዘው ይቆያሉ። የክፍሉ ሙቀት ቀስ በቀስ ሲያስለቅቃቸው ኃይሉን በብርሃን መልክ ይመልሳሉ። የድሮው ዚንክ ሰልፋይድ ቶሎ ይደክም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጣው፣ ዩሮፒየም የተጨመረበት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ግን ለሰዓታት ያበራል። ሁለቱም ያልተቀበሉትን አይሰጡም።

ደግሜ ደወልኩ።

«እምዬ፣ ሰዓቷን ቀን ቀን የት ነው የምታስቀምጫት?»

«ሳጥን ውስጥ ነዋ! በነጠላ ጠቅልዬ። ያንተን ስጦታ አቧራ ይብላው?»

«ቀን ፀሐይ ታግኝ፣ መስኮት ላይ አድርጊያት» አልኳት።

በማግስቱ ማታ ራሷ አስደወለች። «በራች!» አለች፣ እየሳቀች። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያኔ ስትሰጠኝ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሦስት ወር ሙሉ ላንተ ሳፍርልህ ከረምኩ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያኔ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ደውዬ አለመጠየቄን ግን በምን ልመልስ? አሁን በየሳምንቱ እሁድ እደውላለሁ። መጀመሪያ የምትነግረኝ ስለ ሰዓቷ ነው።